ባለቤት ያለው አውሬ

ዶሮ የሌለው ሰው ወደ ሰማይ ቀና የሚለው ደመናው ሲከብድ ወይም ለፈጣሪው አቤቱታ ሲኖረው ነው። ዶሮ ያለው ሰው ግን እንዳንጋጠጠ ይውላል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያስቆም ጓሮ ላይ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ የማውቀው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ «አንገትህን ምን ነካህ?» ይለኛል። ምንም አልነካኝም። ጭላት እየጠበቅኩ ነው።

የዶሮ ትልቁ ችግር የሚጠላት አለመኖሩ ነው። የበሬን ጠላት ቆጥረህ ትጨርሰዋለህ፤ ዶሮን ግን የማይመኝ ማን አለ? ከሰማይ ጭላት፣ ከዛፍ ሸለምጥማጥ፣ ከጉድጓድ አይጥ፣ ከአጥር ላይ ድመት፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ሰው ይመጣባታል። እሷ ለራሷ ክንፍ እያላት በወጉ አትበርም። ሲመሽ ዳፍንት ይይዛታል። ይህ ሁሉ ሳያንሳት እንቁላል በጣለች ቁጥር ሰፈሩ እስኪሰማ ትለፍፋለች። ደመወዙን በተቀበለ ቁጥር አደባባይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰው ሌባ ቢመጣበት ማን ያዝንለታል?

ቤታችን ዶሮ የገባው በኢኮኖሚ ምክንያት ነው። አንድ እንቁላል ከ10 ብር ሲያልፍ ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። መንግሥትም በ2015 የሌማት ትሩፋት ብሎ፣ እንቁላሉንም ወተቱንም ማሩንም ከየጓሯችሁ አውጡ ማለት ስለጀመረ የእሷ ስሌት ከአገር ፖሊሲ ጋር ገጠመ። ያ ወረቀት ዛሬም ኮሜዲኖው ውስጥ አለ። መኖ ተጽፎበታል፣ ክትባት ተጽፎበታል፣ ቆርቆሮና ሚስማር ሳይቀር ተጽፎበታል። ጭላት የሚል መስመር የለበትም። ዶሮዎቹን የሸጠልን ወጣትም ቢሆን «የ45 ቀን ናቸው፣ የፈንግል ክትባታቸውን ጨርሰዋል፣ ከእንግዲህ ምንም አይነካቸውም» ብሎ ነው ያስረከበን። እውነቱን ነው፤ ፈንግል አልነካቸውም።

ከቀኑ ጠላት ልጀምር። እኛ ሰፈር ሰማይ ላይ ስትንሳፈፍ የምትውለው ጅራቷ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀው ጭላት ናት። ቄራ አካባቢ የኖረ ሰው በደንብ ያውቃታል፤ ከሰው እጅ ላይ ሥጋ መንጠቅ የማይከብዳት ደፋር ናት። የደረሰች ዶሮ ተሸክማ መሄድ አይሆንላትም፤ ጫጩት ግን ለእሷ አንድ ጉርሻ ናት። አመጣጧ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ የምታየው ጥላዋን ነው፤ መሬቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ቀና እስክትል ጫጩቷ በጥፍሯ ተንጠልጥላ ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ሆናለች። ከዚያ በኋላ የሚቀርህ መጮህ ነው። ትጮሃለህ። ጎረቤቱም ያግዝሃል። በዚህ ጩኸት አንድም ጫጩት ተመልሳ አታውቅም፤ ቢሆንም ዝም ማለት ነውር ነው።

እዚህ ላይ የሀበሻዋን ዶሮ ሳላመሰግን አላልፍም። ገብስማ ናት፤ ከአፈሩና ከደረቀ ቅጠሉ ለይተህ ለማየት እንኳ ትቸገራለህ። ጥላ ሲያልፍ አንዲት ድምፅ ታወጣለች፤ ጫጩቶቹ ሁሉ ክንፏ ሥር ገብተው ይጠፋሉ። ጭላቷ ከደፈረች ደግሞ ዘልላ በጥፍርም በመንቁርም ትቀበላታለች። ቀያዮቹ የፈረንጅ ዶሮዎች ግን ለእንቁላል ብቻ እየተመረጡ የተዳቀሉ ስለሆኑ መታቀፍ የሚባለው ነገር ከዘራቸው ወጥቷል፤ ከእሱ ጋር ሌላም ሌላም ነገር ሳይወጣ አልቀረም። ጭላት ሲያዩ አንገታቸውን ዘመም አድርገው በአንድ ዐይናቸው ወደ ሰማይ ይመለከታሉ፣ ይመረምራሉ፣ ከዚያ ወደ መኖአቸው ይመለሳሉ። እንቁላላቸው ብዙ ነው፤ ለሌላው ነገር ጊዜ ያላቸው አይመስለኝም።

«አውራ ዶሮ ግዛላቸው፣ እሱ ይጠብቃቸዋል» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ገዛሁ። ስለ አውራ ዶሮ ጠባቂነት ያነበብኩት ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ አውራው ሁለት ዓይነት የአደጋ ጩኸት አለው። ከሰማይ ለሚመጣው ቀጠን ብሎ የሚረዝም ድምፅ ያሰማል፤ በምድር ለሚመጣው ደግሞ ቆረጥ ቆረጥ ያለ ኳኳታ ያወርዳል። ፒተር ማርለር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የጭልፊት ቅርጽ ቆርጠው ከአውራ ዶሮ በላይ እያሳለፉ ሲፈትኑት ግን ሌላም ነገር ተገኘ። አጠገቡ ሴት ዶሮ ካለች አብዝቶ ይጮሃል። ብቻውን ሲሆን ዝምታ ያበዛል። በሴት ዶሮዋ ፋንታ ቆቅ መሰል ወፍ ሲያስቀምጡለትም ጀግንነቱ አልተቀሰቀሰም። ይህን ለባለቤቴ ባነብላት፣ «ለዚህ ጥናት ያስፈልግ ነበር?» አለችኝ።

ገጠር ያደገ አንድ ዘመዳችን የካሴት ክር ምክር አመጣ። እህል ሲያሸት ወፍ የሚያባርሩበት ዘዴ ነው፤ ክሩን ከጫፍ ጫፍ ወጥረህ ስታስረው ነፋስ ሲመታው ያብለጨልጫል፣ ይጮሃልም። ችግሩ ዛሬ ካሴት ያለው ቤት ከየት ይገኛል? ሰፈር ሲጠየቅ አንዲት ጎረቤታችን የራሷን የሠርግ ቪዲዮ አመጣች። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች። «እንካ፣ ቢያንስ ለጫጩት ይሁን» ብላ ስትሰጠኝ ፊቷ ላይ የነበረውን እርካታ ማስረዳት አልችልም። ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም ኬኩም ጓሯችን ላይ ከዳር ዳር ተወጠሩ። ለጥቂት ጊዜ ጭላቷ አልቀረበችም። ግን ሞኝ አይደለችም፤ ቦታውን የማይቀይር ማስፈራሪያ ቶሎ ትለምደዋለች። ስለዚህ ክሩን በየጊዜው ከአንዱ ጥግ ነቅሎ ወደ ሌላው ማዞር ያስፈልጋል። ያቺ ጎረቤታችን ክሩን ሳዞር ካየችኝ «ሠርጉ አሁንም አላለቀም?» ትለኛለች።

እናቴ ይህን ሁሉ ግርግር ስታይ ቆየችና «ቅርጫት የላችሁም?» አለች። ጫጩቶቹ ክንፍ እስኪያወጡ እናታቸውን ጨምሮ ሰፊ ቅርጫት ይደፋባቸዋል፣ አናቱ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል፣ ውሃና ጥሬ ከሥር ይሰጣል፤ በቃ። ብርሃንም አየርም ይገባል፣ ጭላት አትገባም። ካየኋቸው መከላከያዎች ሁሉ ርካሹም አስተማማኙም ይኸው ነው። ከፍ ላሉት ደግሞ ከላይ መረብ መወጠር ነው። ከሰማይ ለሚመጣ ጠላት ከጣሪያ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ሌሊቱ የሸለምጥማጥ ነው። ስሙን ስድብ አደረግነው እንጂ እንስሳው መልከ መልካም ነው፤ ነጠብጣብ ጀርባ፣ ቀለበት በቀለበት የሆነ ረጅም ጅራት፣ ሸንቃጣ ወገብ። ባሕር ዛፉን ይወጣል፣ በቆርቆሮው ላይ ይሄዳል፣ ኮሽታ ሳያሰማ ይወርዳል። አደገኛ ያደረገው ቅጥነቱ ነው፤ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ የቀረው አካሉ ይከተላል። ዘመዱ ጥሪኝ ዝባዱን ለፈረንጅ ሽቶ እየሰጠ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኝ ኖሯል። የዚህኛው ውለታ ቢፈለግ አይጥ መብላቱ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሒሳቡን በዶሮ ያወራርዳል።

ከሁሉ የሚያናድደው አንዷን ወስዶ አለመሄዱ ነው። አንዷ ቢሆን የግብር ያህል ቆጥሬ እተውለት ነበር። እሱ ግን ዶሮ ቤት ከገባ ዶሮዎቹ በጨለማ አያዩምና ይደናበራሉ፣ ይንፈራገጣሉ፤ እሱም የተንፈራገጠውን ሁሉ ይነክሳል። ጠዋት በሩን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ራስ ራሳቸው ብቻ የተበላ ዶሮዎች ነው። ሰፈራችን ውስጥ ይህ የደረሰበት ሰው ለሳምንት ያህል ሰላምታ በወጉ አይመልስም፤ ማንም አይቀየመውም።

የዶሮ ቤቱን የሠራልን አናጢ አጣናውን አቁሞ፣ ቆርቆሮውን መትቶ፣ መስኮቱን የዶሮ ሽቦ በሚባለው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን ሽቦ ዘጋው። ያ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ ነው የተሠራው፤ አውሬ እንዳይገባ የሚል ውል የለውም። ቀዳዳው ለቀጭን እንስሳ ይሰፋል፣ ሽቦውም ይበጠሳል። የሚያዋጣው ቀዳዳው አውራ ጣት የማያሳልፍ፣ ጠንከር ያለ ወንፊት ሽቦ ነው። ከሥርም ቢሆን ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መቀበር አለበት፤ አለዚያ ከግድግዳው ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ተነጥፎ አፈር ይለብሳል። አውሬ መቆፈር የሚጀምረው ግድግዳው ሥር ተለጥፎ ስለሆነ ሽቦው ሲይዘው ወደ ኋላ ርቄ ልሞክር አይልም። ይህን ለአናጢው ሳስረዳው ቆም ብሎ አሰበና «አናጢ ቢሆን ይል ነበር» አለኝ። በሩን በገመድ ሊያስረው ሲል ግን አልተስማማንም። መቀርቀሪያ ይሻላል፣ ሁለት መቀርቀሪያ ደግሞ የበለጠ ይሻላል።

ሽቦው ምንም ቢጠነክር በሰዓቱ ያልተዘጋ በር አያድንም። ዶሮዎቹ በዚህ በኩል አያስቸግሩም፤ 12 ሰዓት ሲል ራሳቸው ተሰልፈው ይገቡና ቆጡ ላይ በማዕረግ በማዕረጋቸው ይሰፍራሉ። የሚያስቸግረው ሰው ነው። «ሻይዬን ልጨርስና እዘጋለሁ» የሚል ሰው አለ። «ዜናውን ልይና» የሚልም አለ። ሸለምጥማጥ የሁለት ሰዓቱ ዜና እስኪያልቅ አይጠብቅም። ባላገር ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ ውሳኔ ነው ያሳጠረው፦ ዶሮው ከሰው ጋር እቤት ያድራል። ይህን ሐሳብ ለባለቤቴ ላቀርብ ሞክሬ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረሰችኝም።

ዶሮ በጠፋ ማግስት ጓሮው የምርመራ ቦታ ይሆናል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሁሉም መርማሪ ነው። እውነት ለመናገር ዘዴው መጥፎ አይደለም። ላባው አንድ ቦታ ተነጭቶ ተከምሮ ከተገኘ አሞራ ነው፤ ተቀምጦ ላባ የሚነቅለው እሱ ነው። ሥጋው ቀርቶ ራሱ ከተበላ ሸለምጥማጥ ነው። ብዙ ዶሮ ተነክሶ ምንም ካልተበላ ውሻ ሲጫወት አድሯል ማለት ነው። ጫጩት ያለ አንዲት ላባ ከጠፋች የድመት ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ያደገች ዶሮ ያለ ላባና ያለ ደም ጠፍታ፣ በሩም እንደነበረ ተዘግቶ ከተገኘ ግን ምርመራው እዚያው ያበቃል። መቀርቀሪያውን መልሶ የሚዘጋ አውሬ አንድ ብቻ ነው።

ይኸኛውን አውሬ የምንጠብቀው በበዓል ሰሞን ነው። ፋሲካ ሲቃረብ የዶሮ ዋጋ ይሰቀላል፣ አጥር ላይ የማይታወቅ ዐይን ይበዛል፤ ስለዚህ በሰሙነ ሕማማት ዶሮዎቻችን ሻወር ቤት ያድራሉ። አውራው ቧንቧው ላይ፣ ሴቶቹ ባልዲው ጠርዝ ላይ። በዚያ ሳምንት የሚታጠብ ሰው የለም። ከሌባ ያዳንናቸው ለማን እንደሆነ ግን ዶሮዎቹ በሚሰሙበት አንነጋገርም።

እስካሁን የቆጠርኳቸው ሁሉ ቀላሎቹ ናቸው። ለጭላት መረብ አለ፣ ለሸለምጥማጥ ሽቦ አለ፣ ለሌባ ሻወር ቤት አለ። ብረትና ሚስማር የማይመክተው ባለቤት ያለው አውሬ ነው።

ከማዶ ያሉት ጋሼ ውሻ አንድ ጊዜ አጥር ጥሶ ገብቶ አንዷን ቀይ ዶሮ ሲያንገላታ ገደላት። ጋሼ ሰው ናቸው፤ ዕለቱን መጥተው «ዋጋዋ ስንት ነው?» አሉ። ባለቤቴ ያንን ወረቀት ከኮሜዲኖው አወጣች። የተገዛችበት ዋጋ ብቻ መስሏቸው ነበር ጋሼ የጠየቁት። እሷ ግን የበላችውን መኖና ገና ልትጥለው የነበረውን እንቁላል ደምራ ስታነብላቸው፣ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይቺ ዶሮ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ኮንዶሚኒየም ትገዛላችሁ ነበር» አሏት። ሳቅን፣ ጉዳዩም በዚያው ሞተ። ውሻው ከዚያ ወዲህ ይታሰራል።

ድመት ግን አትታሰርም።

አጥር የምንጋራቸው እማማ ቡሬ የምትባል ድመት አለቻቸው። ቡሬን ጫጩት በአፏ ይዛ አጥሩ ላይ ስትሄድ በዐይኔ አይቻታለሁ። ማስረጃ አለኝ፤ የሌለኝ የምናገርበት አፍ ነው። እማማ ልጃችን ስትወለድ ገንፎ ያገነፉ፣ በየበዓሉ ጠበል ጠዲቅ በሰሃን የሚያቀብሉን፣ በዕድር ቀን ቀድመው የሚገኙ ሴት ናቸው። እንዲህ ያሉትን ሰው «ድመትዎ ሌባ ናት» ይሏቸዋል? ከሩቅ ነው የሚጀመረው።

«እማማ፣ ቡሬ እንዴት ናት? ሰሞኑን ወፈር ብላብኛለች።»

«ምን ታወፍራለች ልጄ፣ ጾም አይደል? ከእኔው ጋር ሽሮዋን ነው የምትበላው።»

«ጫጩት ጠፍቶብን እኮ ነው…»

«ጭላቷ ናታ! እኔው በዐይኔ አይቻታለሁ።»

እማማ የሰው ፊት ለይተው ለማወቅ ከተቸገሩ ቆይተዋል፤ እኔንም የሚለዩኝ በድምፄ ነው። የጭላቷን ግን እስከ ላባዋ ቀለም ድረስ ዘርዝረው ነገሩኝ። ቡሬ እግራቸው ሥር ተኝታ ጢሟን ትልስ ነበር። «ይቺ? ዝንብ አትነካም! እንቁላል እንኳ ባስቀምጥላት ዞራ አታየውም» አሉና ጀርባዋን ዳበሷት። እቤት ገብቼ ስንጨረጨር ባለቤቴ «ለአንዲት ጫጩት ብለህ ከእማማ ልትቀያየም ነው?» አለችኝ። የጋሼን ዕለት ወረቀት ያወጣችው እሷ ናት። እማማ ግን ሌላ ናቸው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ።

መጨረሻ ላይ ያስታረቀን ቃጭል ነው። አይጦች ተሰብስበው ማን ይሰረው ብለው የተበተኑበትን ጉዳይ እኔ የፋሲካ ማግስት በአንዲት ቁራጭ ጉበት ጨረስኩት። ከእማማ ጋር የነበረው ድርድር ይበልጥ ረቀቅ ያለ ነበር። ቡሬ ጥፋተኛ መሆኗን የሚያመለክት ቃል እንዳልናገር ተጠንቅቄ፣ «ለጌጥ ያህል» አልኩ። «ለጌጥ ከሆነ ጥሩ» አሉ። ቡሬ ከዚያን ቀን ጀምሮ እየተንሿሿች ነው የምትሄደው፤ ገብስማዋ ድምፁን ገና ከአጥር ማዶ ስትሰማ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች።

ቀያዮቹ ግን ሌላ ነገር ተማሩ። እማማ ለቡሬ ምሳዋን ሲሰጡ የእንጀራ ፍርፋሪውን አብረው ነው የሚደፉት። ቡሬ ወደ ሰሃኗ ስትሮጥ ቃጭሉ ይጮሃል። ቃጭሉ ከጮኸ ፍርፋሪ አለ ማለት ነው። ጭላት ሲያዩ ያልሠራው ጭንቅላታቸው ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያዘው። አሁን ቃጭሉን በሰሙ ቁጥር አጥሩን እየዘለሉ እማማ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ከቡሬ ጎን ቆመው ይበላሉ፣ ቡሬም ምንም አትላቸውም። ከበሉ በኋላ ደግሞ የእማማ የእንጨት ክምር ውስጥ ገብተው ይጥላሉ።

ባለፈው እማማ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። መጀመሪያ፣ ጭላቷ አሁን እሳቸው ግቢ ላይ መዞር ስለጀመረች ያንን የሠርግ ካሴት ወደ እሳቸው በኩል እንድስበው አዘዙኝ። ከዚያ እንቁላል በሰሃን አቀበሉኝ፤ ሦስት ነው። ቀያዮቹ ስንት እንደሚጥሉ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

«እማማ፣ የቀረውስ?» አልኩ፣ ሰሃኑን በአክብሮት በሁለት እጄ እንደያዝኩ።

ወደ ታች ወደ እግራቸው ተመለከቱ። «ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ፣ «ቡሬ በልታው ይሆናላ።»